የኦንላይን ጨዋታ ስክሪፕት አጻጻፍ ለጀማሪዎች

የኦንላይን ጨዋታ ስክሪፕት አጻጻፍ ወይም ስክሪፕቲንግ ማለት ብዙ ሰዎች በኢንተርኔት አብረው የሚጫወቱት የኮምፒውተር ጨዋታ «ምን ሲሆን ምን ያድርግ» የሚለውን የሚወስኑ አጫጭር ኮዶችን መጻፍ ነው። ተጫዋች ሲቀርብ በር የሚከፈተው፣ የተለቀመ ሳንቲም የሚቆጠረው፣ ከገደል የወደቀ ተጫዋች ወደ መነሻው የሚመለሰው በስክሪፕት ነው። ምስሉን በስክሪን ላይ መሳል፣ ዕቃዎች ሲጋጩ እንዲነጥሩ ማድረግና ተጫዋቾችን በኔትወርክ ማገናኘት የጨዋታው ሞተር ሥራ ነው፤ የጨዋታውን ደንብ የሚያወጣው ግን ስክሪፕቱ ነው።

ጀማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግራቸው የቋንቋው ሰዋስው አይደለም። የሚያስቸግራቸው የኦንላይን ጨዋታ በአንድ ጊዜ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠራ መሆኑ ነው። ሠሪው ብቻውን ሲሞክረው ያለ እንከን የሠራ ጨዋታ ሁለተኛ ሰው ሲገባበት የሚበላሸው፣ ወይም አንድ አታላይ ገብቶ የሁሉንም ሰው ጨዋታ የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጀማሪ ገና በጠዋቱ ሊለምደው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይህ ኮድ የሚሠራው በማን ኮምፒውተር ላይ ነው?» የሚለው። ይህ ጽሑፍ ሮብሎክስ የተባለውን መድረክ በምሳሌነት በመውሰድ ትምህርቱ በምን ቅደም ተከተል ቢሄድ እንደሚሻል ያብራራል።

ሮብሎክስና የሉዋ ቋንቋ

ሮብሎክስ ዴቪድ ባዙኪ እና ኤሪክ ካስል የመሠረቱት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ ክፍት የሆነ የአሜሪካ የጨዋታ መድረክ ነው። ኩባንያው በዋናነት መሥሪያውን ያቀርባል፤ ጨዋታዎቹን የሚሠሩት ተጠቃሚዎቹ ናቸው። መሥሪያው ሮብሎክስ ስቱዲዮ ይባላል፣ በነጻ ይወርዳል። ለጀማሪ ትልቁ ጥቅሙ ሰርቨር መከራየት፣ የተጫዋቾች አካውንት ማዘጋጀት፣ ተጫዋቾችን ማገናኘት የመሳሰሉት ከባድ ሥራዎች አስቀድመው የተሠሩ መሆናቸው ነው። ጀማሪው የሚቀረው ደንቡን መጻፍ ብቻ ነው።

ደንቡ የሚጻፍበት ቋንቋ ከሉዋ የመጣ ነው። ሉዋ እ.ኤ.አ. በ1993 በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጄኔሮ ጳጳሳዊ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሮቤርቶ ኢየሩሳሊምስኪ፣ በሉዊስ ኤንሪኬ ዴ ፊጌሬዶ እና በቫልዴማር ሴሌስ ተፈጠረ። ስሙ በፖርቱጋልኛ «ጨረቃ» ማለት ነው። ሲፈጠር ለጨዋታ ታስቦ አልነበረም፤ ከፔትሮብራስ፣ ማለትም ከብራዚል የነዳጅ ኩባንያ፣ ጋር በተያያዙ የምሕንድስና ሥራዎች ውስጥ ነው የተወለደው። ይሁን እንጂ መጠኑ ትንሽ፣ ከሌላ ፕሮግራም ጋር ለማዋሐድም ቀላል በመሆኑ የጨዋታ ሠሪዎች ወደዱት። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት ተጫዋቾች ስክሪናቸውን እንዲያስተካክሉበት ሉዋን ተጠቅሟል፤ ጋሪስ ሞድም እንዲሁ። ሮብሎክስ ቋንቋውን በራሱ መንገድ አሻሽሎ ሉዋው የሚል ስም ሰጠው፣ እ.ኤ.አ. በ2021ም ምንጭ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረገ።

ሰዋስው ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል እንደሚለያዩ፣ የተከፈተ ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ «ኤንድ» በሚለው ቃል እንደሚዘጋ፣ ዝርዝር ሲቆጠር እንደ ብዙዎቹ ቋንቋዎች ከ0 ሳይሆን ከ1 እንደሚጀምር ማወቅ ለመነሻ ይበቃል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የኮድ ቃላት በእኛ ፊደል ተጽፈዋል፤ በስቱዲዮ ውስጥ የሚጻፉት ግን በላቲን ፊደል ነው።

ከመጻፍ በፊት ማንበብ

ብዙ ጀማሪ ከባዶ ገጽ ይጀምርና ይሰለቻል፤ ወይም ቪዲዮ እየተመለከተ የሚታየውን ኮድ መስመር በመስመር ይገለብጣል። ሁለተኛው መንገድ አታላይ ነው። ጨዋታው ይሠራል፣ ተማሪውም የተማረ ይመስለዋል፤ ቪዲዮው ሲዘጋ ግን አንድ መስመር እንኳ በራሱ መጻፍ ያቅተዋል።

በእንግሊዝ አገር ሱ ሴንታንስ የተባሉ የኮምፒውተር ትምህርት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ያቀረቡት የማስተማሪያ ዘዴ ለዚህ ችግር ጥሩ መፍትሔ አለው። ደረጃዎቹ አምስት ናቸው፤ ገምት፣ አስኪድ፣ መርምር፣ ቀይር፣ ሥራ። ተማሪው የሚሠራ አጭር ኮድ ይሰጠውና ከማስኬዱ በፊት ምን እንደሚያደርግ ይገምታል። ካስኬደው በኋላ ግምቱን ከሆነው ጋር ያስተያያል፣ እያንዳንዱ መስመር ለምን እንዳስፈለገ ይጠይቃል፣ ጥቂት ይቀይረዋል፤ የራሱን የሚሠራው በመጨረሻ ነው። ከአምስቱ የሚዘለለው ብዙ ጊዜ መገመት ነው፤ ዋናው ትምህርት ያለው ግን እዚያ ነው። ግምቱ የተሳሳተበት ቦታ ተማሪው ያልገባውን ነገር በትክክል ያሳየዋል።

በተግባር እንየው። የሳንቲም መልቀሚያ ጨዋታ መሥራት ፈለግን እንበል። በስክሪፕት ውስጥ ሁለት ሰረዝ ከተቀመጠ በኋላ የሚመጣውን ጽሑፍ ኮምፒውተሩ አያነበውም፤ ለሰው የሚተው ማስታወሻ ነው። ማስታወሻ በአማርኛ መጻፍ ስለሚቻል እቅዱን መጀመሪያ እንዲህ ማስፈር ይጠቅማል፦

-- አንድ ነገር ሳንቲሙን ሲነካ
-- የነካው ተጫዋች ከሆነ
-- ለተጫዋቹ 1 ጨምር
-- ሳንቲሙን ደብቅ
-- 5 ሰከንድ ጠብቅ
-- ሳንቲሙን መልሰህ አሳይ

ከዚያ በየማስታወሻው ሥር ኮዱ ይገባል። «አንድ ነገር ሲነካ» የሚለው በሮብሎክስ ታችድ የሚባል ክስተት ነው። ለመደበቅ የሳንቲሙ ትራንስፓረንሲ፣ ማለትም ብርሃን የማሳለፍ መጠኑ፣ 1 ይደረጋል። ለመጠበቅ ዌይት የሚል ትእዛዝ አለ።

አሁን እንገምት። ተጫዋቹ ሳንቲሙን አንድ ጊዜ ቢነካ ስንት ይቆጠርለታል? አብዛኛው ጀማሪ 1 ይላል። ሲሞከር ግን 4 ወይም 7 ወይም ሌላ ቁጥር ይመጣል። ምክንያቱ ሁለት ነው። የሮብሎክስ ገጸ ባሕርይ ከእግር፣ ከእጅና ከሌሎች ክፍሎች የተገጣጠመ ስለሆነ እያንዳንዱ ክፍል ሲነካ ክስተቱ ይደገማል። በተጨማሪም የተደበቀ ሳንቲም አልጠፋም፤ አይታይ እንጂ ቦታው ላይ ስላለ መነካቱ ይቀጥላል። ማየትና መኖር ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መፍትሔው «ተለቅሟል» የሚል ትርጉም ያለው አንድ ተለዋዋጭ መጨመርና ኮዱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እሱን እንዲመረምር ማድረግ ነው። ይህን ተማሪው ራሱ ቢደርስበት ከአሥር ቪዲዮ ይበልጥበታል።

ቀጥሎ ደግሞ፦ ሳንቲሙን ኳስ ቢነካውስ? ኳስ ተጫዋች ስላልሆነ «የነካው ማነው?» ለሚለው ጥያቄ የሚመጣው መልስ ኒል ነው፤ ትርጉሙ «ምንም» ማለት ነው። ኮዱ ይህን ሳያጣራ ከ«ምንም» ውስጥ የሳንቲም ቁጥር ሊፈልግ ሲሞክር ቀይ የስህተት መልእክት ይወጣል።

የስህተት መልእክት

ቀዩን ጽሑፍ ጀማሪዎች እንደ ቁጣ ያዩትና ሳያነቡ ይዘጉታል። በተለይ እንግሊዝኛ ለከበደው ተማሪ ይህ የታወቀ ነው። ሆኖም መልእክቱ ሦስት ነገር ነው የሚናገረው፤ የትኛው ስክሪፕት፣ ስንተኛው መስመር፣ ምን ችግር። የመልእክቶቹ ዓይነትም ብዙ አይደለም። በሮብሎክስ ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ከላይ ያየነው ነው፤ «ከኒል ውስጥ ይህን ስም ለመፈለግ ተሞክሯል» የሚለው። ይህ ሲመጣ የሚጠየቀው «ስሙ ምን ችግር አለበት?» ሳይሆን «ከስሙ በፊት ያለው ነገር ለምን ባዶ ሆነ?» ነው።

መልእክት የማይሰጥ ስህተት ግን የባሰ ነው። በሮብሎክስ የተጫዋቾች ነጥብ በስክሪኑ ጥግ ላይ እንዲታይ ሌደርስታትስ የሚል ስም ያለው ፎልደር በተጫዋቹ ሥር ይቀመጣል። ስሙ በሙሉ በትንሽ የላቲን ፊደል መጻፍ አለበት። የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ ከሆነ ስህተት የሚል ነገር አይወጣም፤ የነጥብ ሰሌዳው ዝም ብሎ ይቀራል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚረዳው ፕሪንት የሚባለው ትእዛዝ ነው። በኮዱ መካከል «እዚህ ደርሻለሁ» የሚያሰኝ ፕሪንት እየጨመሩ ኮዱ የት እንደቆመ ማጥበብ ይቻላል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ልምድ ያላቸው ሠሪዎችም በየቀኑ ይጠቀሙበታል።

ሰርቨሩና የተጫዋቹ መሣሪያ

ሮብሎክስ ውስጥ «ስክሪፕት» የሚባለው ፋይል በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይሠራል። «ሎካል ስክሪፕት» የሚባለው ደግሞ በእያንዳንዱ ተጫዋች ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ሰርቨሩ አንድ ነው፣ ሁሉም ተጫዋቾች የሚስማሙበትን እውነት የሚይዘውም እሱ ነው። የተጫዋቹ መሣሪያ የሚያሳየው የዚያን እውነት ቅጂ ነው።

ልዩነቱን ለማየት ቀላል ሙከራ አለ። ከሎካል ስክሪፕት የተጫዋቹን ሳንቲም 1,000,000 ማድረግ ነው። በተጫዋቹ ስክሪን ላይ ሚሊዮን ይታያል። በሰርቨሩ ግን አሁንም 3 ነው፣ ዕቃ ሊገዛ ቢሞክር ገንዘቡ አይበቃውም። ስቱዲዮ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሰርቨርና ሁለት ተጫዋቾችን አስመስሎ በየመስኮቱ ማስኬድ ስለሚችል ይህን ለመሞከር ሁለተኛ ሰው መጥራት አያስፈልግም። ብቻን ከመሞከር ይልቅ ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ በሁለት ተጫዋች መሞከርን ልማድ ማድረግ ይበጃል።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በቀድሞው አሠራር ጨዋታው ካልከለከለ በስተቀር ከአንድ ተጫዋች መሣሪያ የተደረገ ለውጥ ወደ ሁሉም ይተላለፍ ነበር፤ አንድ አታላይ መሬቱን ከሁሉም ተጫዋቾች እግር ሥር ሊያጠፋ ይችል ነበር። ሮብሎክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን አሠራር ለሁሉም ጨዋታዎች ዘጋ። ከዚያ በፊት የተቀረጹ የትምህርት ቪዲዮዎች ዛሬም ስለሚገኙ፣ እነሱን የሚከተል ጀማሪ ኮዱ ለምን እንደማይሠራ ግራ ሊገባው ይችላል። የቪዲዮውን ዓመት ማየት ተገቢ ነው።

ይሁንና አዲሱ አሠራር ሁሉንም አደጋ አያስቀርም። የተጫዋቹ መሣሪያ ለሰርቨሩ መልእክት መላክ አለበት፤ አለበለዚያ ቁልፍ ተጭኖ ዕቃ መግዛት አይቻልም። መልእክቱ የሚሄድበት መንገድ ሪሞት ኢቨንት ይባላል። ጀማሪዎች ዋናውን ጥፋት የሚያጠፉት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጀማሪ የሰይፍ መሸጫ ሠራ እንበል። ከተጫዋቹ መሣሪያ «ሰይፍ ስጠኝ፣ ዋጋው 50 ነው» የሚል መልእክት ይሄዳል፤ ሰርቨሩም 50 ቀንሶ ሰይፉን ይሰጣል። በቅን ተጫዋች ዘንድ በትክክል ይሠራል። አታላዩ ግን በራሱ መሣሪያ ላይ ያለውን ኮድ እንደፈለገ መለወጥ ስለሚችል «ዋጋው 0 ነው» ብሎ ይልካል። ባለሱቅ የዕቃውን ዋጋ ከደንበኛው አይጠይቅም፤ ዋጋው በራሱ መዝገብ ነው ያለው። ሰርቨሩም እንዲሁ ዋጋውን ከራሱ ዝርዝር ማንበብ አለበት።

ዋጋውን ካስተካከለ በኋላ ሠሪው «ስንት ትፈልጋለህ?» የሚል ቁጥር ጨመረ እንበል። አታላዩ አሁን −10 ይልካል። 50 በ−10 ሲባዛ −500 ነው፤ ከሳንቲሙ ላይ −500 ሲቀነስ 500 ይጨመርለታል። በኮዱ ውስጥ አንድም የሰዋስው ስህተት የለም፣ ቀይ መልእክትም አይወጣም፤ የጨዋታው ገበያ ግን በአንድ ቀን ይፈርሳል። ሳንቲሙን በትዕግሥት ሲለቅሙ የከረሙት ተጫዋቾች ድካማቸው ዋጋ ያጣል፣ ይሄዳሉም። ስለዚህ ሰርቨሩ የመጣው ነገር ቁጥር መሆኑን፣ ሙሉ ቁጥር መሆኑን፣ ከ0 መብለጡን፣ ተጫዋቹ በቂ ሳንቲም እንዳለው በየተራ ያጣራል። መልእክቱን የላከው ማን እንደሆነ ግን መጠየቅ አያስፈልግም፤ የላኪውን ማንነት ሮብሎክስ ራሱ ከመልእክቱ ጋር ስለሚያያይዝ አታላዩ ሊቀይረው አይችልም።

የተቀመጠ መረጃ

ተጫዋች ሲወጣ ሳንቲሙ እንዳይጠፋ ዳታ ስቶር በሚባል ማከማቻ ይቀመጣል። ማከማቻው በኔትወርክ የሚገኝ ስለሆነ አልፎ አልፎ መልስ ላይሰጥ ይችላል። ያልተጠነቀቀ ስክሪፕት መረጃው ሳይመጣ ሲቀር «አዲስ ተጫዋች ነው» ብሎ ከ0 ያስጀምረዋል፤ ተጫዋቹ ሲወጣ ደግሞ ያንን 0 በቀድሞው ላይ ይጽፍበታል። የወራት ልፋት እንዲህ ይጠፋል። ትክክለኛው አካሄድ ንባቡ ሊከሽፍ እንደሚችል አስቦ ፒኮል በሚባለው ትእዛዝ መጠቅለል፣ ከከሸፈም ለዚያ ተጫዋች ምንም አለማስቀመጥ ነው። «መረጃ የለም» እና «መረጃውን ማግኘት አልተቻለም» አንድ አይደሉም። ይህን ክፍል ጀማሪ ከመጀመሪያው ወር ባይነካው ይመረጣል።

የተቀዳ ኮድ አደጋ

ስቱዲዮ ውስጥ ሌሎች ሰዎች የሠሯቸውን ዛፎች፣ መኪናዎችና ቤቶች በነጻ መውሰድ ይቻላል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በውስጣቸው የተደበቀ ስክሪፕት ይዘው ይመጣሉ፤ ስክሪፕቱ ለማያውቁት ሰው በሰርቨሩ ላይ የፈለገውን የማስኬድ በር ይከፍታል። ዛፍ ስክሪፕት አያስፈልገውም። የወሰዱትን ዕቃ ከፍቶ ውስጡን ማየት፣ ሪኳየር ከሚለው ቃል ቀጥሎ ረጅም ቁጥር ያለበት ወይም ሆን ተብሎ እንዳይነበብ የተዘበራረቀ ኮድ ካለ መሰረዝ ይገባል። ሪኳየር በራሱ ክፉ ቃል አይደለም፤ የራስን ኮድ ከፋፍሎ ለመጻፍም ያገለግላል። የሚያጠራጥረው ከማይታወቅ ቦታ ኮድ የሚያመጣው ቁጥር ነው።

ሌላም የቃል መምታታት አለ። በኢንተርኔት «የሮብሎክስ ስክሪፕት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ከሚያገኛቸው ብዙዎቹ ለማታለያ የተዘጋጁ ኮዶች ናቸው። እነሱን ለማስኬድ ተብለው የሚወርዱ ፕሮግራሞች ቫይረስ ይዘው ሊመጡ፣ ተጠቃሚውንም ሊያሳግዱት ይችላሉ። «ይህን ጽሑፍ በአሳሽህ ላይ ለጥፍ» የሚል ሰውም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው አካውንቱን ነው፤ አካውንቱ ሲሰረቅ በውስጡ ያሉት ጨዋታዎችም አብረው ይሄዳሉ።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ኮድም በዚሁ ዓይን ቢታይ መልካም ነው። ጠቃሚ ነው፣ በተለይ የእንግሊዝኛ የስህተት መልእክትን ለማስረዳት። ነገር ግን ከላይ ያየነውን የ−10 ዓይነት ክፍተት ትቶ ሊያልፍ ይችላል፤ እያንዳንዱን መስመር ማስረዳት ያልቻለ ጀማሪ ደግሞ ክፍተቱን አያየውም።

የአማርኛ ጽሑፍ በስክሪፕት ውስጥ

የተለዋዋጭና የፈንክሽን ስም በሉዋው በላቲን ፊደል ብቻ ነው የሚጻፈው። ለተጫዋቹ የሚታየውን ጽሑፍ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ አንድ ወጥመድ ግን አለ። የጽሑፍን ርዝመት የሚለካው የመሰላል ምልክት የሚቆጥረው ፊደላትን ሳይሆን ባይቶችን ነው። እንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የግዕዝ ፊደል ሦስት ይይዛል። ስለዚህ «ሰላም» ሲለካ 3 ሳይሆን 9 ይመጣል። የቤት እንስሳ ስም ከ12 ፊደል እንዳይበልጥ በዚህ መንገድ የወሰነ ጨዋታ በአማርኛ ከአራት ፊደል በላይ አያስገባም፤ ጽሑፍን ከመሃል የሚቆርጥ ኮድም ፊደሉን ሊሰነጥቀው ይችላል። ቋንቋው ዩቲኤፍ8 የሚባል መለኪያ ስላለው በእሱ ሲለካ «ሰላም» 3 ይሆናል።

የሚያስፈልግ መሣሪያ

ስቱዲዮ የሚሠራው በዊንዶውስ ወይም በማክ ኮምፒውተር ላይ ነው። በስልክ መጫወት እንጂ ጨዋታ መሥራት አይቻልም፤ ይህም ስልክ ብቻ ላለው ተማሪ ትልቅ እንቅፋት ነው። ሆኖም ቋንቋውን በስልክ መጀመር ይቻላል፤ በሉዋ ይፋዊ ድረ ገጽ ላይ አጭር ኮድ ጽፎ ውጤቱን ወዲያው ማየት የሚያስችል ቦታ አለ፣ ለዚህም የስልክ አሳሽ ይበቃል። ተለዋዋጭ፣ ሁኔታ፣ ዙርና ዝርዝር በዚያ ይለመዳሉ። ላቲን ፊደል ያልለመዱ ልጆች ደግሞ የኮድ ቁርጥራጮች በመዳፊት በሚገጣጠሙበትና በአማርኛም በተተረጎመው ስክራች ቢጀምሩ ይቀላቸዋል።

ኮምፒውተር ሲገኝ የመጀመሪያ ሥራ የሚሆነው ኦቢ የሚባለው የመሰናክል ዝላይ ጨዋታ ነው። ስቱዲዮ ለዚህ ዝግጁ መነሻ አለው፤ የሚነኩትን የሚገድል ወለል፣ የሚጠፋ ድልድይና የደረሱበትን ቦታ የሚያስታውስ ምልክት ለመጨመር ከላይ ካየነው የሳንቲም ኮድ ብዙ የራቀ እውቀት አይጠይቅም።